የጋሽ ደምሴ ጆሮ

የጋሽ ደምሴ ልጅ ሰብለ ለቅሶ ድንኳኑ ውስጥ የምታናግረኝ እየጮኸች ነበር። «ዳዊት፣ ሻይ ልጨምርልህ?» ስትለኝ አጠገቤ የተቀመጡት የዕድር ሽማግሌዎች ዞረው አዩን። እሷም ደንግጣ አፏን በነጠላዋ ጫፍ ያዘችና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«ይቅርታ፣ ለምዶብኝ ነው። እኛ ቤት ሰው ሁሉ ይጮኻል። አባዬ አይሰማም አልነበር?»

«ምኑን?» አልኳት።

«ምኑን ትለኛለህ እንዴ? ምንም ነዋ! ፋብሪካ እያለ ነው የጀመረው። ግራው ጭራሽ የለም፤ ቀኙ ደግሞ ጆሮው ሥር ሄደህ ካልጮህክበት...» ንግግሯን አቋርጣ አየችኝ። «አራት ዓመት አጠገቡ ተቀምጠህ አታውቅም ነበር?»

ጋሽ ደምሴ የሚታወቁት እኮ በጆሯቸው ነው። ከሳሪስ አቦ እስከ ቃሊቲ ያለ መካኒክ «እስቲ ጋሽ ደምሴ ይስሙት» ሳይል አሮጌ ኩሽኔታ አይገዛም ነበር። እኔ ራሴ ማዳመጥን የተማርኩት ከእሳቸው ነው። ወይም ተምሬያለሁ ብዬ አስብ ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ እነዚያን አራት ዓመታት ደጋግሜ እፈታቸዋለሁ። ዕቃው ሁሉ እጄ ላይ አለ፤ መልሼ ስገጥመው ግን ሁልጊዜ ሌላ ነገር ሆኖ ይወጣል።

የሠራነው ቃሊቲ ዋናው መንገድ ዳር ባለ የኩሽኔታ ሱቅ ውስጥ ነው። ኩሽኔታ በጎማና በአክስል መሀል ገብቶ ጎማው ሳይፋተግ እንዲዞር የሚያደርግ ክብ ብረት ነው፤ አንዱ ቀለበት ሌላው ውስጥ ይገባል፣ በመሀላቸው ብይ የሚመስሉ ኳሶች ይንከባለላሉ። የሱቁ ባለቤት ኸይሩ ከስልጤ በልጅነቱ የመጣ፣ ሰውን ከመስማት በፊት የሚያይ ሰው ነው። አዲስም አሮጌም ይሸጣል። አዲሱ ችግር የለበትም፤ ካርቶኑ ላይ ቁጥሩ አለ። አሮጌው ግን ከፈረሰ መኪናና ከተነቀለ ወፍጮ ስለሚመጣ ከውጭ አይቶ ደህናውን ከክፉው መለየት አይቻልም። ጋሽ ደምሴ የተቀመጡት ለዚህ ነበር። ሠላሳ ዓመት በፈትል ፋብሪካ ውስጥ የማሽን ኩሽኔታ ሲፈትሹና ግራሶ ሲቀቡ ኖረው ጡረታ ከወጡ በኋላ ኸይሩ ቤታቸው ድረስ ሄዶ ለምኖ ነው ያመጣቸው።

እሳቸው ግን የተለመኑ አይመስሉም ነበር። ጠዋት ከሁላችንም ቀድመው መጥተው ሱቁ እስኪከፈት ደጅ ላይ ይቆማሉ። ካኪ ካፖርታቸው የታጠበ፣ ጥፍራቸው ንጹሕ ነው፤ በዚያ ሁሉ ዘይት መሀል ጥፍሩ ንጹሕ የሆነ ሌላ ሰው አላየሁም። አንድ ቀን ለምን አንድም ቀን እንደማይቀሩ ስጠይቃቸው፣ ሰፈራቸው ያሉ ጡረተኞች በየደጃቸው ፀሐይ ሲሞቁ እንደሚውሉ ነገሩኝና፣ «የሚጠይቀው ያጣ ሰው የቤት ዕቃ ይሆናል፤ መጀመሪያ ጥግ ያስቀምጡታል፣ ቀጥሎ ያነሱታል» አሉኝ። የቤት ዕቃ እንዳይሆኑ ያስቀረቻቸው ያቺ በርጩማ ነበረች። በርጩማዋን የሰጣቸው ደግሞ ጆሯቸው ነው።

አሠራራቸው እንዲህ ነበር። እጀታው በእጅ ብዛት የጠቆረ አንድ ካቻቢቴ ነበራቸው። ጫፉን ኩሽኔታው ላይ፣ እጀታውን ከጆሯቸው ፊት ያለው አጥንት ላይ ያሳርፋሉ። ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። በሌላው እጃቸው የውስጡን ቀለበት ቀስ አድርገው ያዞሩታል። ሾፌሮቹ ሲጋራቸውን ጥለው ዝም ይላሉ። ከዚያ ፍርዱ ይመጣል። ፍርዳቸው ሦስት ብቻ ነው፦ «ጤነኛ ነው»፣ «ይታከማል»፣ «ቅበሩት»። አንድ ጊዜ አንድ ሾፌር የጭነት መኪናውን ሞተር ሳያጠፋ ገባ። «ሞተሩን አጥፋ እንጂ ልጄ፣ ሰው እያዳመጠ!» ብለው ተቆጡት። ይህንን ሳስታውስ ግራ ይገባኛል። ሞተሩ መነሳቱን በምን አወቁ? ጭሱን አይተው ነው? የመኪናው መስታወት ሲንቀጠቀጥ አይተው ነው? ወይስ ሰብለ እንዳለችው ሳይሆን የሆነ ነገር ይሰሙ ነበር?

እኔ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። ትምህርቴ ከአሥረኛ ክፍል አላለፈም፤ የኩሽኔታ ቁጥሮችን ግን ከአሮጌ ካታሎግ ላይ አንብቤ በቃሌ ይዤ ነበር። ጋሽ ደምሴ በርጩማቸው አጠገብ ሌላ በርጩማ አስቀምጠው፣ የመጣውን ኩሽኔታ ሁሉ አስቀድመው ለእኔ ይሰጡኛል። ካቻቢቴውን ጆሮዬ ላይ አድርጌ አዳምጣለሁ። «ምን ትላለህ?» ይሉኛል። እናገራለሁ። ከዚያ እሳቸው ይቀበሉኝና ያዳምጣሉ፤ አንዳንዴ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፣ አንዳንዴ «አይደለም፣ ይኼ የኳሱ ሳይሆን የቀለበቱ ሕመም ነው» ብለው ያርሙኛል። ሲያርሙኝ ደግሞ ልክ ነበሩ። ፈትተን ስናየው እንዳሉት ሆኖ ይገኛል። ስለዚህ «ምን ትላለህ?» የሚሉኝን እንደ ፈተና ነበር የምቆጥረው። አሁን ግን የሚፈትኑኝ ነበር ወይስ የሚጠይቁኝ? ሁለቱን እንዴት እንደምለይ አላውቅም።

አንድ ሌላ ጠባይ ነበራቸው። ጀርባውን ሰጥቶ የሚያናግራቸውን ሰው አይወዱም። «ወደ እኔ ዞረህ አውራ። ጀርባ ሰጥቶ የሚያወራው በቅሎ የሚጭን ሰው ነው» ይላሉ። ሱቃችን የሚመጡ ሰዎች ሁሉ፣ ባለጌ የሚባሉት ወያላዎች ሳይቀሩ፣ ጋሽ ደምሴ ፊት ሲቆሙ እንደ ፎቶ ተነሺ ቀጥ ብለው ነበር የሚናገሩት። እኔ የአሮጌ ሰው ሥነ ሥርዓት ነው ብዬ ተቀብዬው ነበር።

ቀላል ባቡሩ ሥራ በጀመረ ሰሞን አንድ ቅዳሜ ናቲ የሚባል ወጣት ከሁለት ጓደኞቹ ጋር መጣ። ናቲ ኮምፒውተር ጠጋኝ ነው። ብብቱ ሥር የሪሞት መኪና ይዞ ነበር። የሕፃን መጫወቻ እንዳይመስላችሁ፤ እንደ ትልቅ መኪና የሚፈታ፣ ሞተሩና ጥርሱ የሚቀየር፣ ሲሮጥ ዓይን የማይከተለው ነው። በየጎማው ውስጥ ሁለት ሁለት፣ በጠቅላላው ስምንት ጥቃቅን ኩሽኔታዎች አሉት። በካሊፐር ለክቻቸዋለሁ፤ የትልቁ የውጭ ስፋት አሥራ አምስት ሚሊሜትር፣ የትንሹ አሥር ነው።

«ፋዘር፣ ይቺ ትገኛለች?» ብሎ ናቲ አንዷን ትንሽ መዳፋቸው ላይ አደረገላቸው።

ጋሽ ደምሴ የከባድ መኪና ኩሽኔታ በለመደው መዳፋቸው ላይ ሽምብራ የምታክለውን ነገር ዝቅ ብለው አዩዋት። «ኧረ ይቺን ማን ወለዳት?» አሉ።

ሱቁ ውስጥ የነበረ አንድ ሾፌር ሳቀ። «ጋሽ ደምሴ፣ በስተርጅና የአሻንጉሊት ሐኪም ሊሆኑ ነው!»

«አንተ ዝም በል» አሉት። «ያንተንም ባለ አሥር ጎማ የሚያዞረው ይኸው ነው። የእሷ ጥፋት ትንሽ መሆኗ ነው?»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ጋሽ ደምሴ በዚያች መኪና ተያዙ። ናቲና ጓደኞቹ እሑድ እሑድ በአንድ ባዶ መጋዘን ግቢ ውስጥ ይወዳደሩ ነበር፤ ኩሽኔታዎቻቸው ግን ሁለት እሑድ አይደርሱም። ናቲ ብረት ክዳን ያላቸውን ነበር የሚፈልገው፤ ቀለል ብለው ስለሚዞሩ መኪናዋ ትፈጥናለች። ጋሽ ደምሴ ወዲያው እሺም እምቢም አላሉትም። «የምትሮጡበትን መሬት ሳላይ መድኃኒት አላዝም» አሉት።

በማግስቱ ከአቦ ቤተ ክርስቲያን ነጠላቸውን እንደለበሱ መጋዘኑ ግቢ መጡ። ልጆቹ መኪኖቻቸውን ሲያስሮጡ እሳቸው መኪኖቹን አላዩም። ቁጢጥ ብለው ከሲሚንቶው ወለል ላይ አቧራ በሁለት ጣታቸው አንስተው አሹት፤ ከዚያ ምላሳቸው ጫፍ ላይ አደረጉት።

«ፋዘር አቧራ እየበሉ ነው!» አለ አንዱ።

«ይኼ አቧራ አይደለም፣ ሲሚንቶ ነው» አሉ እንትፍ ብለው። «ከኮዬ ፈጬ የሚመላለሱት ገልባጮች የሚያራግፉት ነው። ብረት ክዳን ጠርዙ ላይ ክፍተት አለው። ይኼ በዚያ ይገባና ከግራሶው ጋር ሲቦካ ኩሽኔታችሁ ወፍጮ ይሆናል። ለናንተ ጎማ ክዳን ነው።»

«ጎማ ክዳን ይይዛል ፋዘር፤ እንቀደማለን።»

«አንተ መጀመሪያ ድረስ። መፍጠኑ ከዚያ ይመጣል።»

እንዳሉት አደረጉ፤ ደረሱም። ጋሽ ደምሴ አስተጣጠቡንም አስተማሩን። ክዳኑን በመርፌ ጫፍ ከውስጠኛው ቀለበት በኩል ቀስ ብሎ ማንሳት፤ ከውጨኛው በኩል ከሆነ ይቀደዳል። ኩሽኔታዋን በነጭ ጋዝ ውስጥ እያገላበጡ ማጠብ፣ ጋዙ ጥቁር መሆኑን እስኪተው። በንጹሕ ጨርቅ ላይ ማድረቅ። ከዚያ ቀጭን ግራሶ፣ ከሆዷ ሲሶውን ብቻ። «ሆዷን ከሞላችኋት ትተኛለች» ይሉ ነበር። መሬቱ ንጹሕ ከሆነና ፍጥነት ከተፈለገ ደግሞ በግራሶው ፈንታ አንድ ጠብታ የስፌት ማሽን ዘይት፤ ግን በየሩጫው መልሶ ማጠብ ግድ ነው። ጎማው ውስጥ ስትገባ የሚገፋው የውጭ ቀለበቷ ነው። ውስጡን ከመቱ ምቱ ኳሶቹ ላይ ያርፋል፤ ምልክቱ በዓይን አይታይም፣ ኩሽኔታዋ ግን የዚያኑ ቀን መሞት ትጀምራለች።

አንድ ቀን የናቲ ጓደኛ የታጠበችውን ኩሽኔታ ይዞ ከጎናችን ካለው ጎሚስታ ዘንድ ሄደና በአየር ቱቦው ይነፋት ጀመር። ኩሽኔታ በአየር ሲነፋ እንደ ፉጨት ይጮኻል፤ ልጆች ይወዱታል። ጋሽ ደምሴ ካቻቢቴያቸውን ጥለው ሮጡ። እጁን ያዙት። «ሳትቀባ የምትሮጥ ኩሽኔታ የምትበላው የገዛ ሥጋዋን ነው! ፉጨት መሰለህ? ለቅሶዋ ነው» አሉት። በዚያ ዕድሜ ሲሮጡ ያየኋቸው ያን ቀን ብቻ ነው። ጩኸቱን ሰምተው ነው ብዬ ነበር። ከጎሚስታው ጋር በመሀላችን ግድግዳ የለም፤ አይተው ይሆናል።

አሁን ወደሚያስቸግረኝ ነገር ልምጣ።

ናቲ ከቦሌ ከመጡ ልጆች ጋር ሊወዳደር ቀጠሮ ያዘ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ስምንቱን ኩሽኔታዎች አጥበን ለፍተሻ ደረደርናቸው። እንደ ልማዳችን እኔ አስቀድሜ አዳምጣለሁ፣ እሳቸው ይቀበሉኛል። አምስቱ አለፉ። ስድስተኛዋን ጆሮዬ ላይ ሳዞራት ጨው ላይ የሚራመድ ጫማ ዓይነት ድምፅ ሰማሁ። መናገር ሳልጀምር አንድ ደንበኛ የዘይት መያዣ ጎማ ጠየቀኝና መሰላሉ ላይ ወጣሁ።

«ምን ትላለህ?» አሉኝ ከታች።

«ስድስተኛዋ ውስጧ አሸዋ አለ ጋሼ፤ ትፈጫለች» አልኳቸው። ፊቴ ወደ መደርደሪያው ነበር።

ካቻቢቴው አጥንታቸው ላይ ሲያርፍ ከላይ አየሁ። ዓይናቸውን ጨፈኑ፤ ቀለበቷን በወፍራም ጣታቸው አዞሩ። «ጤነኛ ናት» አሉና ጎማው ውስጥ አስገቧት።

መሰላሉ ላይ ቆሜ ቀረሁ። ጨውን በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ጋሽ ደምሴ ደግሞ ጤነኛ ናት ብለዋል። ሁለተኛ ብናገር አንድ ሽማግሌ ሰው የሰጡትን ፍርድ ደንበኛ ፊት መሻር ነው፤ ያደግኩት እንዲያ አይደለም። ደግሞ የምሰማው ሁሉ ከእሳቸው የተማርኩት ስለሆነ፣ እሳቸው ካልሰሙት የተሳሳተው የእኔ ጆሮ መሆን አለበት። ወረድኩና ዝም አልኩ።

እሑድ በሦስተኛው ዙር የቀኝ የፊት ጎማ ደረቀ። መኪናዋ ተገልብጣ ግድግዳው ላይ ተላተመች፤ መሪዋ ተሰበረ። ሰኞ ናቲ ኩሽኔታዋን በወረቀት ጠቅልሎ መጣ። ወረቀቱን በርጩማው ፊት ሲዘረጋው ከውስጡ ቡናማ ዱቄት ወጣ።

«ፋዘር» አለ ደንበኞች ሁሉ እየሰሙ፣ «ጆሮ የለዎትም እንዴ?»

ናቲ ክፉ ልጅ አይደለም። ተናዶ ነው፤ ሰው ሲናደድ እንደሚለው ነው ያለው። የጋሽ ደምሴ ፊት ግን ዐመድ መሰለ። የሚገርመው ናቲን አላዩትም። ያዩት ኸይሩን ነው። ኸይሩ ከውስጥ፣ ከጠረጴዛው ቀና ብሎ ይመለከት ነበር። እኔ ያኔ ስድብ ያስደነገጣቸው መሰለኝ። በርጩማቸውን የሚወስድባቸው አንድ ቃል እንደሆነና ያ ቃል በሰው ሁሉ ፊት እንደተነገረ አላወቅኩም።

«ማን ነው ያዳመጣት?» አለ ኸይሩ።

«እኔ ነኝ» አልኩ። «ጋሼ አላዩዋትም።»

ለምን እንዳልኩ አላውቅም። ጀግንነት አይደለም። ሽማግሌ ሲዋረድ ማየት አልቻልኩም፤ ከአፌ ወጣ። ኸይሩ እኔን አየ፣ ጋሽ ደምሴን አየ፣ ከዚያ ለናቲ «በቃ ልጁ ነው ያጠፋው። ሌላ መርጦ ይስጥህ» አለው። ናቲም እኔን ሰደበኝና ነገሩ አለፈ።

ጋሽ ደምሴ ግን አላመሰገኑኝም። ጭራሽ አላናገሩኝም። ከሰዓት በኋላ ተነሥተው ወደ ኸይሩ ጠረጴዛ ሲሄዱ አየሁ። በመዋሸቴ ሊከሱኝ መሰለኝ። ጥቂት ቆይተው ተመለሱና ተቀመጡ።

በማግስቱ አንድ ደብተር ይዘው መጡ። «ከዛሬ ጀምሮ ያዳመጥከውን ሁሉ ጻፍ» አሉኝ። «ቃል ይጠፋል። እኔ ጠይቄህ ከመመለስህ በፊት ጻፈውና አሳየኝ።» ሦስት ደብተር ሞላሁ። የኩሽኔታው ቁጥር፣ የሰማሁት ድምፅ፣ ድምፁ የመጣበት ቦታ፤ «ሲዞር በየሩብ ዙሩ ጠቅ ይላል»፣ «ዝናብ በቆርቆሮ ላይ»፣ «ዝም ብሎ ከባድ»። በዚህ ምክንያት ነው ጥንቁቅ የሆንኩት። ሰዎች ዛሬ ስለ ኩሽኔታ ሲጠይቁኝ የምመልሰው ያን ዕለት ከጀመርኩት ደብተር ነው። ታዲያ ደብተሩን ያመጡት እኔን ለማስተማር ነበር ወይስ መሰላል ላይ ስወጣ የምለው እንዳያመልጣቸው? ለእኔ ከጠቀመኝ ምን ለውጥ አለው እላለሁ፤ ግን ለውጥ አለው።

ትንንሾቹን ደግሞ ከዚያ በኋላ በካቻቢቴ አላዳመጧቸውም። ከብስክሌት ጎማ አንድ ሽቦ ቆርጠው ጫፉን አሞረዱት። ኩሽኔታዋን በአንደኛው ጫፍ ሰክተው ሌላውን ጫፍ በፊት ጥርሳቸው ይነክሱታል፤ ከዚያ በጣታቸው ያሽከረክሯታል። ናቲ፣ እርቅ ካወረዱ በኋላ ነው፣ «ፋዘር ኩሽኔታ በጥብስ አስጀመሩን!» ብሎ ሲስቅ አብረውት ሳቁ። ሽቦው ከጥርሳቸው መሀል ወደቀ። ከዚያ በኋላ በትንንሾቹ አንድም ጊዜ አልተሳሳቱም።

ከለቅሶው የተመለስኩ ቀን ሱቅ ገብቼ ያንን ሽቦ ፈለግኩ። መሳቢያቸው ውስጥ ነበር። በደንብ አጠብኩት። ያረጀች ኩሽኔታ ሰካሁበት፣ ሁለት ጆሮዬን በጥጥ ደፈንኩ፣ ሽቦውን ነክሼ አሽከረከርኳት። አሸዋው ራሴ ውስጥ ተሰማኝ። እንጀራ ውስጥ ጠጠር እንደማግኘት፤ ከጆሮዬ ይልቅ ጥርት ብሎ። እንግዲህ አላታለሉም። ወይስ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት አታልለው፣ በኋላ ማታለሉን ትተው እውነተኛውን መንገድ አገኙ? ከባድ መኪና ኩሽኔታ ላይ ጣታቸው ይበቃቸው ነበር፤ ትንንሾቹ ናቸው ያጋለጧቸው። ይኼን ያህል ደርሼ እንደገና ይጠፋብኛል።

በመጨረሻ ኸይሩን ጠየቅኩት። ጠረጴዛው አጠገብ ቆሜ ሰብለ ያለችኝን ነገርኩት።

«አውቅ ነበር» አለ ቀና ሳይል።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«እሳቸው በመጡ በሁለተኛው ወር። ከኋላቸው ባዶ በርሜል ወደቀ። እኔ ወላሂ ዘለልኩ፤ እሳቸው ግራሶ እየቀቡ ነበር፣ መቀባታቸውን ቀጠሉ።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልክ?»

«እጃቸው ከሰው ሁሉ ጆሮ ይበልጣላ! የጎደለቻቸው ትንሽ ነገር ናት። እሷን ደግሞ ቀጠርኩላቸው።»

«ማንን?»

«አንተን ነዋ።»

«እኔን የቀጠርከኝ የኩሽኔታ ቁጥር በቃሌ ስለማውቅ አይደለም?»

ኸይሩ ሳቀ፤ በክፋት አይደለም። «ቁጥሩማ ካርቶኑ ላይ ተጽፏል ዳዊት። ያን ቀን ለሥራው ከመጡት ልጆች መሀል ሰው ፊት ለፊት እያየህ፣ ቃል በቃል ለይተህ የምትናገር አንተ ብቻ ነበርክ። ሌሎቹ መሬት እያዩ ያጉተመትማሉ። ከንፈርህን አይቼ ነው የቀጠርኩህ።»

«ብትነግረኝ ምን ነበረበት?»

«ትጮህባቸው ነበር። አንተ ስትጮህ ደንበኛውም ይጮኻል። ያን ዕለት ካፖርታቸውን ለብሰው ይሄዳሉ።»

«አንተ እንደምታውቅስ ያውቁ ነበር?»

ኸይሩ ብዕሩን አስቀመጠ። «አያውቁም። አንድ ጊዜ ብቻ ሊነግሩኝ መጥተው ነበር፤ ናቲ የሰደባቸው ዕለት ከሰዓት በኋላ። እዚህ፣ አንተ የቆምክበት ቆሙ። ‹ኸይሩ፣ ያቺን ኩሽኔታ ያዳመጥኳት እኔ ነኝ። ልጁ የዋሸው ለእኔ ብሎ ነው። እኔ እኮ ጆሮዬ...› ሲሉ ስልኩን አነሳሁ። ሳይጠራ አነሳሁት። መጥራት አለመጥራቱን በምን ያውቃሉ? ‹አቤት! አቤት!› እያልኩ ከማንም ጋር አወራሁ። እንዲጨርሱት አልፈለግኩማ። ከጨረሱት በኋላ መሄድ ግድ ይሆንባቸዋል።»

«የቱን ስልክ ነው ያነሳኸው?»

«ይኼን» አለና ጠረጴዛው ላይ ያለውን የመስመር ስልክ አሳየኝ።

ቀኑን አሰላሁ። «ቅዳሜ ዕለት እኮ መንገዱን የሚቆፍሩ ሰዎች የስልኩን መስመር ቆርጠውት ነበር። ይኼ ስልክ በዚያ ሰኞ አይሠራም።»

«ለዚያ ነው ለካ ምንም ድምፅ ያልነበረው! እርግጠኛ ነህ ግን?»

«ሰኞ ጠዋት ለቴሌ ማመልከቻውን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ስልኩ ይቀጠልልን ብዬ።»

«ማን ነው ይዞት የሄደው?»

«ጋሽ ደምሴ፤ የዚያኑ ጠዋት።»

ኸይሩ ስልኩን አየው። እጁን ላዩ ላይ አሳረፈ፣ መልሶ አነሳው። ውጭ አንድ መኪና ጥሩምባ ነፋ፤ ሁለታችንም አልዞርንም።

«ወሬዬን እስክጨርስ ቆመው ጠበቁኝ» አለኝ። «እኔም አስረዘምኩት። ስዘጋው ‹ሰላም በልልኝ› ብለውኝ ወደ በርጩማቸው ተመለሱ።»